የዘጠኝ ሰዓት ጉባኤ

(ምልልስ)

በኦሎምፒያ፣ ከአፍሪካ ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የቆየ ግቢ በረንዳ ላይ፣ ዕድሜያቸውን በማስተማር የፈጸሙ አንድ ሽማግሌና ክራር በመምታት የምትተዳደር አንዲት ወጣት ከምሳ በኋላ ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ወጣቷ ከጓደኞቿ ጋር ሆና፣ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ያለ መግቢያ ክፍያ የሚሰጥ የንግግርና የሙዚቃ ጉባኤ ለማሰናዳት አስባ ምክር ልትጠይቅ መጥታለች።

ክራረኛዋ፦ ጋሼ፣ ጓደኞቼ «መግቢያው በነጻ ይሁን» ብለው ወስነዋል፤ የእኔ ልብ ግን ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። እዚህ ቦሌ ውስጥ ማታ ማታ በየሆቴሉና በየባህል ምግብ ቤቱ የምንጫወት ሰዎች ዋጋችንን እናውቃለን፤ ዋጋ ያልተቆረጠለት ነገርም በከተማችን ክብር ሲያጣ አይተናል። ሰው ብር ከፍሎ የገባበትን አዳራሽ አክብሮ ያዳምጣል፤ በነጻ የገባበትን ግን ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ መሀል ላይ ተነሥቶ ይወጣል። እርስዎ ከእኛ በፊት የነበረውን አይተዋልና፣ የዩኒቨርሲቲ ጥበብ ለሕዝብ ሲሰጥ ምን ይመስል እንደነበረ ይንገሩኝ፤ እኔም ወይ ሐሳቤን ልለውጥ ወይ ልጽናበት።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ወደ ክብሩ ኋላ እንመለሳለን፤ አስቀድሜ ያየሁትን ላውራሽ። እኔ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። የስድስት ኪሎው ግቢ፣ እንደምታውቂው፣ ገነተ ልዑል ይባል የነበረው ቤተ መንግሥት ነው፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተሞከረው የመንግሥት ግልበጣ መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ በዚያው ቤት፣ በአረንጓዴው ሳሎን ታግተው ከተረሸኑ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለትምህርት ሰጡት፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1954 ዓ.ም. ተመረቀ። ከደጁ ፊት ለፊት፣ ጣልያኖች በወረራው ዘመን የፋሺስት መንግሥታቸውን ዓመታት በእርከን እየቆጠሩ የሠሩት ጠመዝማዛ ደረጃ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ከድል በኋላ ግን ባለ አገሩ ከጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አኖረበትና የወራሪው ቆጠራ የአንበሳው መቆሚያ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ጉዳይ ያለው ሰው ደጅ ሲጠናበት በኖረው በዚያ ግቢ፣ እንደ እኔ ያለ የገጠር ልጅ መጻሕፍት በብብቱ ይዞ ሲመላለስ፣ ከሰዓት በኋላም ማንም ሳይከለክለው አዳራሽ ገብቶ ሊቃውንት ሲናገሩ ሲሰማ፣ አገሩ በሞላ ለእርሱ የተከፈተ ይመስለው ነበር። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ በመጀመሪያው ዳይሬክተር በሪቻርድ ፓንክረስት ዘመን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን በዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ዘርግቶ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ሳይቀር የሙዚየሙ አካል ሆኖ ይታይ ጀመር።

ክራረኛዋ፦ ሙዚቃውስ? ስለ ንግግሩ በመጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ እኔ ማወቅ የምፈልገው ክራር በምን በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ እንደገባ ነው።

መምህሩ፦ በኪነ ጥበባት ማዕከሉ በኩል ነው የገባው። ይህ ማዕከል በ1950ዎቹ አጋማሽ በፊሊፕ ካፕላን መሪነት ተቋቁሞ ቴአትርን፣ ሙዚቃንና ውዝዋዜን ባንድ ጣሪያ ሥር አሰባሰበ፤ እነ ተስፋዬ ገሠሠ፣ እነ ደበበ እሸቱ፣ እነ ወጋየሁ ንጋቱ፣ እነ አባተ መኩሪያ የመሳሰሉት የመድረካችን አዕማድም ከማዕከሉ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። እዚያው ቤት ውስጥ፣ በ1955 ዓ.ም. ገደማ፣ በካይሮ የተወለደው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል-ዳብህ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ይህ ሰው በአሜሪካ ለማርታ ግራሃም የዳንስ ቡድን «ክሊቴምኔስትራ»ን የደረሰ፣ ስሙ የታወቀ ሊቅ ስለሆነ፣ ቫዮሊንና ፒያኖ ይዞ መጥቶ «ሙዚቃ ማለት ይህ ነው» ቢለን ብዙዎቻችን እናምነው ነበር። እርሱ ግን እንደዚያ አላደረገም። ማሲንቆውንና ክራሩን፣ በገናውንና ዋሽንቱን፣ እምቢልታውን፣ መለከቱንና ከበሮውን ከየብሔረሰቡ ባለሙያዎች ጋር ሰብስቦ ባንድ መድረክ አስቀመጣቸው። ይህ ዛሬ ላንቺ ቀላል ነገር ይመስልሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ማሲንቆ የአዝማሪ፣ በገና የጸሎተኛና የመኳንንት፣ መለከትና እምቢልታ የንጉሥ አጀብ ስለነበሩ፣ ባለቤቶቻቸው ባንድ ማዕድ የማይቀመጡ መሣሪያዎች ነበሩ፤ በዩኒቨርሲቲው መድረክ ላይ ግን እኩል ወንበር አገኙ።

ክራረኛዋ፦ እርስዎ በዓይንዎ አይተዋቸዋል?

መምህሩ፦ አይቻቸዋለሁ። እኔ ስደርስ መሪው ተስፋዬ ለማ ነበር፤ እርሱም ኦርኬስትራውን ለረጅም ዘመን ይዞ፣ በ1960ዎቹ መባቻ ቡድኑን «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካ ድረስ ወስዶ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ያቀረበ ሰው ነው። ከሁሉ ይልቅ በዓይኔ ላይ የቀረው ግን የእምቢልታዎቹ ነገር ነው። እምቢልታ፣ እንደምታውቂው፣ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ነፊ ሊያወጣ የሚችለው ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህም ሦስቱ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ ሲያሳርፍ ሌላው እየተቀበለ፣ ሦስተኛው ክፍተቱን እየሞላ፣ ለየብቻቸው ሊጨርሱት የማይችሉትን ዜማ በኅብረት ያወጡታል። እኔ ፊት ወንበር ላይ ነበርሁና የመካከለኛው ነፊ ተራው ሊደርስ ሲል ጉንጩ ሲሞላ፣ ዓይኑም ወደ ጓደኛው ከንፈር ሲያመራ አየሁት፤ ከዚያ ቀን በፊት በበዓል ሰልፍ ላይ እምቢልታ ስንት ጊዜ ሰምቼ ዜማው በሦስት ሰዎች መካከል የሚመላለስ መሆኑን አንድም ቀን አላስተዋልሁም ነበር። ይህን ያወቅሁት ለመግቢያ አንድ ሳንቲም ሳልከፍል ነው።

ክራረኛዋ፦ እርስዎ አልከፈሉም ይሆናል፤ እነዚያ ሰዎች ግን የሚኖሩት በሙያቸው ነበር። ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው፣ ጋሼ። ዛሬ «ለሕዝብ በነጻ» ሲባል፣ በነጻ የሚሰጠው የእኛ ድካም ነው። ባለ አዳራሹ የመብራት ይከፍላል፣ ባለ ድምፅ ማጉያው የኪራይ ይቀበላል፣ ባነር የሚያትመው ሰው ቀብድ ካልያዘ ሥራውን አይጀምርም፤ ክራረኛዋን ግን «ለጥበብ ፍቅር ብለሽ ነይ» ይሏታል። እኔ አንድ ጊዜ በአንድ ዝግጅት ላይ ከቀትር እስከ ማታ ተጫውቼ የታክሲ እንኳ ሳይሰጡኝ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ።

መምህሩ፦ ይህ በደል ነው፤ በደልነቱም በእኔ ዘንድ ክርክር የለበትም። ለሰሚው ያለ ዋጋ የሚሰጥ ጥበብ ለባለሙያውም ያለ ዋጋ ይሁን የሚል ሥርዓት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ በአገራችን የቀደመው ሥርዓት እንዲህ አልነበረምና። የቤተ ክርስቲያኑን ጉባኤ ተመልከቺ። በጎጃም በዋሸራ ወይም በጎንጅ ቅኔ የሚቀኝ ደቀ መዝሙር ለየኔታው የትምህርት ዋጋ አይከፍልም፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ ለምኖ ይበላል እንጂ ድህነቱ ከጉባኤው አያስወጣውም። መምህሩ ግን በነጻ ሲያስተምር በአየር አይኖርም፤ ደብሩ ርስትና ጉልት ነበረው፣ ምእመናኑም ዐሥራትና ስለት ያገቡለት ነበር። ጉባኤውን ለድኻው ልጅ ክፍት ያደረገው ያ መሬት ነው። መሬቱ ሲሄድ የየኔታዎቹ ኑሮ ምን እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም አይተናል።

ክራረኛዋ፦ ዩኒቨርሲቲ ግን ጉልት የለውም። በጀት ነው ያለው፤ በጀቱም ከክራር በፊት ብዙ ነገር ይቀድመዋል።

መምህሩ፦ እንግዲያስ ጉልቱ ከወዴት ሊመጣ እንደሚችል የባሕር ማዶ ምሳሌ ልስጥሽ። ሰር ቶማስ ግሬሻም የሚባል የለንደን ባለጸጋ ነጋዴ ነበር፤ በከተማው መካከል ነጋዴዎች የሚገናኙበትን ትልቅ ሕንፃ አሠርቶ፣ በውስጡም ሱቆች አከራይቶ ነበርና፣ ሲሞት ከዚያ የሚገኘው ኪራይ ለሰባት መምህራን ደመወዝ እንዲሆን ተናዘዘ። መምህራኑም የሥነ ፈለክ፣ የመለኮት፣ የጂኦሜትሪ፣ የሕግ፣ የሙዚቃ፣ የሕክምናና የንግግር ጥበብ መምህራን ሆነው፣ በየሳምንቱ ለከተማው ሕዝብ ያለ ዋጋ እንዲያስተምሩ ተወሰነ። ይህ በ1597 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተጀምሮ እስከ ዛሬም አለ። የሙዚቃው ሥርዓት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አንቺን የሚመለከት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል መምህሩ ስለ ሙዚቃ ይናገራል፣ የቀረውን ግማሽ በድምፅ ወይም በመሣሪያ ያሰማል ተብሎ ተጻፈ። የመጀመሪያው የሙዚቃ መምህር ጆን ቡል ይባላል። ትምህርቱ አንድ ጊዜ በላቲን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በአገሬው ቋንቋ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ሕጉ ቢያዝም፣ ይህ ሰው ላቲን መናገር ስለማይችል ሁሉንም በእንግሊዝኛ እንዲያደርገው ተፈቀደለት። ላቲን ባለመቻሉ ማን ተጠቀመ? ከሱቁ ወጥቶ የመጣው የለንደን ነጋዴና እጅ ሠሪ ነው የተጠቀመው።

ክራረኛዋ፦ አሁን ወዴት እንደሚያመሩ ገባኝ። ከዚህ በረንዳ ወጥቶ ወደ ላይ ወደ ታች ለተመለከተ ሰው፣ ከደምበል እስከ ቦሌ መድኃኔ ዓለም የተደረደረው ሕንፃ ሁሉ ኪራይ የሚሰበሰብበት ነው። ከነዚያ ባለቤቶች አንዱ የአንዲት ሱቅ ኪራይ ለዚህ ጉዳይ ቢመድብ…

መምህሩ፦ የአንዲት ሱቅ ኪራይ በዓመት ስንት ክራረኛ፣ ስንት በገና ደርዳሪ፣ ስንት ተናጋሪ እንደሚችል አንቺ ከእኔ ይልቅ ታሰይዋለሽ። በዚህ ጎዳና ላይ ገንዘብ ያፈሩ ሰዎች ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ማሠሪያ እጃቸውን ሲዘረጉ አይቻለሁ፤ ልባቸው የተዘጋ አይደለም። ነገር ግን ኪነ ጥበብን እንዲህ ባለ መልኩ ለመርዳት ማንም ሄዶ የጠየቃቸው አይመስለኝም።

ክራረኛዋ፦ ይህን ተቀብያለሁ፤ የክብሩ ጥያቄ ግን አልተመለሰልኝም። ያልከፈለ ሰው ያዳምጣል ወይ?

መምህሩ፦ በዐውደ ምሕረት ቆሞ ስብከት የሚሰማውን ሕዝብ አስቢ፤ ትኬት አልቆረጠም፣ ወንበርም የለውም፤ ፀሐይ እየመታው፣ ነጠላውን በራሱ ላይ አድርጎ፣ ሰባኪው ቃሉን የሚያውቅ እንደሆነ ሁለት ሰዓት ይቆማል። ሌሊቱን በማኅሌት የሚያድረውስ? ጽናጽሉና ከበሮው፣ መቋሚያው ሲዘም አብሮ የሚያነጋው ምእመን የከፈለው ነገር ቢኖር እንቅልፉን ነው። ሰው የሚያዳምጠው ገንዘቡ ስለወጣበት ብቻ አይደለም፤ የሚባለው ነገር የእርሱ እንደሆነ ሲያውቅም ያዳምጣል።

ክራረኛዋ፦ ማኅሌቱ ግን በግዕዝ ነው፣ ጋሼ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትቆም የኖረችው ቃሉን ሳትሰማው ነው።

መምህሩ፦ እውነት ነው፤ እኔም ልሸሽገው አልፈልግም። ዜማው ይደርሳታል፣ የቃሉ ምሥጢር ግን ከሊቃውንቱ ጋር ይቀራል። ይሁንና ሊቃውንቱ ራሳቸው ይህን ችግር አውቀውት ነበር፤ መጽሐፉን በግዕዝ ያነቡታል፣ ትርጓሜውን ግን «አንድም» እያሉ በአማርኛ ያወርዱታል፤ የትርጓሜ ጉባኤ ማለት ይህ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ስትመጪ ግን ንባቡም በእንግሊዝኛ፣ ትርጓሜውም በእንግሊዝኛ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ለትምህርቱ ምክንያት አለው፤ ከዓለም ሊቃውንት ጋር ለመነጋገር ያስፈልጋል። ለከተማው ሕዝብ ተብሎ ከሰዓት በኋላ በሚሰጥ ንግግር ላይ ግን ምክንያቱ አይታየኝም። በነጻ ገብቶ የማይሰማውን ቋንቋ ሲያዳምጥ ቆይቶ የሚወጣ ሰው በሩ የተከፈተለት ለእግሩ ብቻ ነው።

ክራረኛዋ፦ በእርስዎ ዘመንስ በእንግሊዝኛ አልነበረም?

መምህሩ፦ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፣ የእኔም ማስታወሻ ደብተሮች ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ዓመት ትምህርት አጥሩን ዘልሎ ወደ ከተማው የወጣው በአማርኛ የተነበበው ግጥም ነው። የኮሌጅ ቀን ይባል በነበረው በዓል ላይ ተማሪዎች ግጥም እየጻፉ ይወዳደሩ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተገኝተው ያዳምጡ፣ ሽልማትም ይሰጡ ነበር። እነ ዮሐንስ አድማሱ በዚያ መድረክ ስማቸው ተሰማ። ከታኅሣሡ ግልበጣ ሙከራ በኋላ ግን ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» ብሎ ተነሣ፤ ቀጥሎም ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» ሲል ጠየቀ፤ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፣ ገሞራው የምንለው፣ «በረከተ መርገም»ን አመጣ። እነዚህን ግጥሞች አዳራሹ ውስጥ ያልነበረ ሰው ሁሉ በእጅ እየገለበጠ ያነባቸው፣ በቃሉ እየያዘ ለጓደኛው ያሰማቸው ነበር። አንድ የፍልስፍና ንግግር እንዲህ ሆኖ ሲገለበጥ አላየሁም፤ ንግግሩ ግጥሙን ያህል ጥልቅ ሳይሆን ቀርቶ አይደለም፣ በቋንቋው ምክንያት ነው።

ክራረኛዋ፦ እንዲህ ከሆነ ደግሞ መድረኩ አደገኛ ነው ማለት ነው። በነጻ የከፈቱት በር ያልጠበቁትን ነገር ያስገባል።

መምህሩ፦ ያስገባል። ንጉሠ ነገሥቱ በወንበራቸው ተቀምጠው የማይወዱትን ቃል የሰሙበት ዘመን እንደነበረ እኔ እመሰክራለሁ፤ ከዚያም በኋላ መድረኩን ማጥበብ እንደመጣ እመሰክራለሁ። እኔ ግን ዘፈኑን ብቻ ፈቅዶ ቃሉን የሚፈራ ጉባኤ እንዲዘጋጅ አልመክርሽም። ሙዚቃው ሕዝቡን ይሰበስባል፣ ንግግሩ ደግሞ የሰማውን እንዲመረምር ያደርገዋል፤ ሁለቱን ለያይተሽ አንዱን ብቻ ብትወስጂ፣ ወይ የተለመደውን የሆቴል ምሽት ወደ ቀን ታዞሪዋለሽ፣ ወይ ደግሞ አሥር ሰው የተቀመጠበት ባዶ አዳራሽ ይገጥምሻል።

ክራረኛዋ፦ ስለ በር ካነሣን ላይቀር፣ ሌላም የበር ነገር አለ። ባለፈው ጊዜ አክስቴን አንድ ትልቅ ተቋም ውስጥ የተዘጋጀ የሥዕል ዐውደ ርእይ ላሳያት ይዣት ሄድሁ። መጋበዣው ላይ «ለሁሉም ክፍት» ይላል። በሩ ላይ ግን መታወቂያ ተጠየቀች፣ ማን እንደጠራት ተጠየቀች፣ ዘንቢሏ ተፈተሸ፤ አክስቴም ነጠላዋን አስተካክላ «ይቅርብኝ ልጄ፣ አንቺ ግቢ» ብላኝ ተመለሰች። መግቢያው በነጻ ነበር፣ እርስዋ ግን አልገባችም።

መምህሩ፦ እግዚአብሔር ይስጥሽ ይህን ስላነሣሽልኝ። ጥበቃው የታዘዘውን ያደርጋል፤ ፍተሻውም ለደኅንነት ያስፈልግ ይሆናል። ነገር ግን ከጥበቃው ጎን ከእናንተ አንዱ ቆሞ፣ «እናቴ፣ በዚህ በኩል ይግቡ፣ አዳራሹ ይህ ነው፣ መቀመጫ አለ» የሚል ሰው ከሌለ፣ «ለሁሉም ክፍት» የሚለው ጽሑፍ ተማሪውንና የተማሪውን ጓደኛ ብቻ ነው የሚጠራው። እኔ ብሆን ከተናጋሪው በፊት ይህን ሰው እመርጥ ነበር።

ክራረኛዋ፦ ሲሳካም ግን አይቻለሁ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ምሩቃኑን ሲያስመርቅ ሥራዎቻቸው ለዕይታ ይቀርባሉ፤ ያን ቀን ከገጠር የመጡ አባትና እናት ልጃቸው ከሠራው ሐውልት ፊት ቆመው፣ አባትየው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እናትየው ጠጋ ብለው ብረቱን በመዳፋቸው ሲዳስሱ አየሁ። ማንም አልከለከላቸውም። ልጁ ቀስ ብሎ ያስረዳቸዋል፣ እነርሱም እየደጋገሙ ይጠይቁታል። እኔ በሆቴል መድረክ ላይ ቆሜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም፤ «ትዝታን ድገሚልን» ይሉኛል እንጂ፣ ክራሬን ከትዝታ ወደ ባቲ ስመልስ የትኛውን አውታር ለምን እንዳላላሁት ማንም አይጠይቀኝም።

መምህሩ፦ በይ እንግዲህ፣ የክብሩን ጥያቄ ራስሽ መለስሽው። ሆቴሉ ይከፍልሻል፣ መክፈሉም ተገቢ ነው፤ ጠይቆ የሚረዳሽ አድማጭ ግን ሌላ ሰዓትና ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ክራረኛዋ፦ ሰዓቱም ሌላ ችግር ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የሚሠራ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ የባንክ ሠራተኛው፣ የሱቅ ሻጭዋ፣ የቀን ሠራተኛው ሊመጣ አይችልም። ማታ ይሁን ብንል ደግሞ የስድስት ኪሎ አዳራሽ ውስጥ አምሽቶ ወደ ኦሎምፒያ፣ ወደ ገርጂ፣ ወደ ሰሚት ለመመለስ የታክሲውን ሰልፍ ያውቁታል።

መምህሩ፦ እኔ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓትን እመርጣለሁ። የግማሽ ቀን ሥራ ያለበት ሰው ጨርሶ ይደርሳል፤ ጡረተኛውና የቤት እመቤቷም ሳይመሽባቸው ይመለሳሉ። የዓመቱን ዑደት ደግሞ አትርሺ። በዐቢይ ጾም በሥራ ቀን ቅዳሴ የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ምእመናንን በሥራ ቀን ብትጠሪ አታገኚያቸውም፤ በጾሙ ውስጥ የዘፈን ክራር ማሰማትም አይገባም። ነገር ግን ጾም የበገና ወራት ነው። ዓለሙ አጋን አስቢ፤ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ የተማሩ፣ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም በገና ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በደርግ ዘመን የበገናው ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ። አንድ መሣሪያ ከትምህርት ቤት ሲባረር በገዳምና በየቤቱ ተሸሽጎ ሊተርፍ እንደሚችል የእርሳቸው ሕይወት ያሳያል፤ ዛሬ በገና የሚማር ወጣት በዝቶ ሳይ ደስ ይለኛል።

ክራረኛዋ፦ እንግዲያስ የጾሙ ቅዳሜዎች የበገና ይሁኑ። አንድ ደርዳሪ ጠርተን፣ ከመጫወቱ በፊት ዐሥሩን አውታር፣ ድምፁን የሚያንዘረዝሩትንም ቁርጥራጭ ቆዳዎች፣ እንዚራዎቹን፣ አንድ በአንድ እያነሣ ለሕዝቡ ቢያሳይ… አንዱን እንዚራ አውጥቶ አውታሩን ቢመታው ድምፁ ራቁቱን ይሰማል፤ መልሶ ሲያስገባው ያ የምናውቀው የበገና ንዝረት ይመለሳል። ይህን ያየ ሰው በገናን ከዚያ በኋላ በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው።

መምህሩ፦ ይህ ከማናቸውም የመግቢያ ንግግር ይበልጣል። አንድ ቅዳሜ ደግሞ የያሬድን ሦስቱን ዜማዎች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን፣ አንድ መሪጌታ ባንድ ቃል ላይ ሦስት ጊዜ እየለዋወጠ እንዲያሰማ አድርጊ፤ እናትሽም ያን ቀን ትምጣ። ሌላው ቅዳሜ የመንዙማ ይሁን፤ ከዚህ ዝቅ ብሎ ወሎ ሰፈር አለ፣ የወሎ መንዙማ ግን በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ ስንት ጊዜ ከነትርጓሜው ተሰማ? ረመዳንን ግን አስቀድመሽ ቁጠሪ፤ ጾመኛውን ሰው ከማፍጠሪያው ሰዓት ጋር አታጋጪው።

ክራረኛዋ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉ ነገር በስድስት ኪሎ ግቢ ለምን ይታጠራል? ዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ፣ የሥዕልና የቴአትር ትምህርት ቤቶች አሉት። ተማሪዎቹ መሣሪያቸውን ይዘው ወደ እኛ ሰፈር ቢወርዱስ? ይኸው የቦሌ መንገድ በኮሪደር ልማቱ ሰፍቷል፣ ለእግረኛ መቀመጫ ተሠርቷል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ሁሉ ሲመላለስበት ይውላል። የስድስት ኪሎን በር የሚፈራ ሰው ደጁ ድረስ የመጣለትን ክራር አይፈራም።

መምህሩ፦ የመኪናውን ጩኸት ምን ታደርጊዋለሽ? በገና በአስፋልት ዳር አይሰማም።

ክራረኛዋ፦ በገናው ለአዳራሽ ይቅር። እምቢልታና መለከት፣ ከበሮም የተሠሩት ለአደባባይ ነው፤ እነርሱ ወደ ጎዳናው ይውጡ። እዚህ የሰማ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት አዳራሹን ፈልጎ ይመጣል፤ እኛም ቦታውንና ሰዓቱን የጻፍንበትን ወረቀት በአማርኛ አትመን እናድላለን።

መምህሩ፦ ይህን እኔ አላሰብሁትም ነበር፤ ያማረ ሐሳብ ነው። ለአደባባዩ ፈቃድ ያስፈልገዋልና ከወረዳው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በዚህ አትዘግዩ።

ክራረኛዋ፦ እርስዎስ የግማሽ ሰዓቱን ንግግር ይሰጡናል? ስለ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያና ስለ ኪነ ጥበባት ማዕከሉ ያየ ሰው የሚናገረውን ከመጽሐፍ አናገኘውም። ግን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ የቀረው የእምቢልታዎቹ ነው።

መምህሩ፦ እናገራለሁ፤ ከግማሽ ሰዓትም አላልፍም። ለባለ ሕንፃዎቹም ደብዳቤውን እኔ አርቅቄ፣ ፈርሜ፣ ከእናንተ ጋር በየቢሮው እዞራለሁ፤ ሽበት ያለው ሰው ሲጠይቅ እንቢ ማለት ይከብዳቸዋል። አሁን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ወረቀት አምጪና ጻፊ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚከፈለውን ከላይ አስቀምጪ፣ ከገጠር ለሚመጡት እምቢልታ ነፊዎች መጓጓዣና ማደሪያቸውን ጨምሪ፤ አዳራሹንና ድምፅ ማጉያውን ከታች እናደርሳቸዋለን።